ስኬል የሚረጭበት ወቅት፦ ለድሬዳዋ የጓሮ ዛፎች

በድሬዳዋ ግቢዎች በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በማንጎና በዘይቱን ቅርንጫፎች ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ጭማቂያቸውን የሚመጠው ስኬል የተባለ ተባይ፣ ጎልቶ የሚታየው ጋሻው ከጠነከረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚረጭ መድኃኒት በአብዛኛው ጋሻው ላይ ፈስሶ ይቀራል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ከእናታቸው ሥር በወጡ፣ ገና ጋሻ ባላበጁ ግልገሎች ላይ ነው፤ እነሱም የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቢጫ ነጠብጣቦች መስለው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ከተንቀሳቀሱ በኋላ አፋቸውን ተክለው በዚያው ይቀመጣሉ።

ግልገሎቹን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስኬሉ በበዛበት ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ግልጽ ፕላስተር፣ የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉ፤ በየሳምንቱ ፈትተው በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርበው ይመልከቱና በአዲስ ይተኩት። ነጠብጣቦቹ ካለፈው ሳምንት በብዙ እጥፍ ከጨመሩ የመርጫው ቀን ደርሷል። በቆላ ትውልዶቹ ስለሚደራረቡ፣ ወር ብቻ ቆጥሮ መርጨት አያዋጣም፤ ወሩ የሚነግረን መቼ ተግተን መፈለግ እንዳለብን ነው።

ታኅሣሥና ጥር አየሩ ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ክፉኛ የተወረሩ ቅርንጫፎችን ቆርጦ ለማቃጠል፣ ግንዱንም በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ለመፈተግ ይመቻል። ማንጎ ግን ምርቱ እንደተለቀመ ቢገረዝ ይሻላል። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ሙቀቱ ሲጨምር፣ የበልጉም ዝናብ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ፣ ፕላስተሩ ከዛፉ መለየት የለበትም። በአንድ ሊትር ውኃ 20 ሚሊ ሊትር ለእጽዋት የተዘጋጀ ዘይት በጥብጠው፣ በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እስኪርስ ይርጩ፤ ግልገሎቹ በአንድ ቀን ስለማይወጡም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይድገሙት። የጥቅሉ መመሪያ ሌላ መጠን ካዘዘ ያንን ይከተሉ።

በግንቦትና በሰኔ፣ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ወቅት፣ ዘይት አይረጭም። እኔ አንድ ዓመት ቸኩዬ፣ ውኃ የጠማውን ሎሚ በቀትር ረጭቼ ቅጠሉን ግማሽ በግማሽ አራግፌዋለሁ። በዚህ ወቅት ዛፉን ማጠጣትና በቅጠሉ ላይ የተቀመጠውን አቧራ በውኃ ማጠብ ይበቃል፤ አቧራ ስኬሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች ሥራ ያስፈታል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ራሱ ብዙ ግልገሎችን ያጥባል፣ የተረጨውንም ያጥባል። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ፕላስተሩን ይመልሱ። ሐረር ከድሬዳዋ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትልና ስለምትቀዘቅዝ፣ በዚያ ያሉ አትክልተኞች የጎረቤቶቻቸውን ቀን ከመቅዳት የራሳቸውን ፕላስተር ቢያምኑ ይሻላል።

ቅጠሉ የሚያጣብቅ፣ በላዩም እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ሻጋታ ያለበት ከሆነ፣ ጉንዳኖች ስኬሉ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ይመላለሳሉ፣ ስኬሉንም ከጠላቶቹ ይጠብቁለታል። ጉንዳኖቹ እንዳይወጡ ግንዱን በጨርቅና በፕላስቲክ ጠቅልለው በፕላስቲኩ ላይ ግራሶ ይቀቡ፤ ግራሶው ቅርፊቱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሁሉን ገዳይ መድኃኒት ግን አልመክርም፤ ጥንዚዛዎቹ ሲያልቁ ስኬሉ ብሶበት ይመለሳል።

የሞተ ስኬል ወዲያውኑ አይረግፍም። ከሁለተኛው ርጭት ሁለት ሳምንት በኋላ ጥቂቱን በጥፍር ፈልቅቀው ይጫኑት፤ እርጥበት ከወጣው በሕይወት አለ፣ ደርቆ ከተፈረፈረ ሞቷል።