የሊኑክስ ጌም ድግስ ያለ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚደገስ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሲስተም የሚጠቀሙ ጓደኞቼ በከተማው ተበታትነዋል፤ አንዱ ሽሮ ሜዳ፣ አንዷ አያት፣ ሁለቱ ጀሞ። በየተወሰነ ወሩ ላፕቶፓቸውን ተሸክመው ይመጡና ቀኑን ሙሉ አብረን እንጫወታለን። በጣም የምወደው ቀን ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ግን አልተሳካም።

ያኔ ሰባት ሰው ጠራሁ። «ጌሙን እዚሁ መጥታችሁ ታወርዳላችሁ» አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ማውረድ ሲጀምሩ ኔትወርኩ ቀጥ አለ። ስምንት ሰዓት ገደማ ሦስታችን ብቻ ዜሮ ኤ.ዲ. የተባለውን የጦርነት ስትራቴጂ ጌም ጫንን። ልንገናኝ ስንል ጌሙ እምቢ አለ። የእኔ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) 22.04 ነበር፣ የጓደኛዬ 24.04፤ ሁለቱ የሚጭኑት ቨርዥን ይለያያል። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ። ታክሲ እየቀያየረ ከሽሮ ሜዳ የመጣው ልጅ አንዴ እንኳን ሳይጫወት ተመለሰ። እስካሁን ሳስበው ይከፋኛል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከድግሱ በፊት ባለው ሳምንት ነው። በዕለቱ ኢንተርኔት ባይኖርም ምንም መጉደል የለበትም።

ቀኑን ቅዳሜ አድርጉት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምራችሁ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ዳር ሰፈር ስለሆንን እንግዳ ሲመሽበት ታክሲ ፍለጋ ይንከራተታል። ከሰባት ሰው በላይ አትጥሩ፤ አራት ሰው ራሱ በቂ ነው።

ከዚያ ጌም ምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ለማሟሟቂያ ሱፐርታክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳን በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። ተኩስ ለሚወድ ዞኖቲክ አለ። ሉዋንቲ፣ እስከ 2024 ማይንቴስት ይባል የነበረው፣ አብሮ ለመገንባት ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት መደብር የሚገዙ ጌሞችን ለእንደዚህ ዓይነት ቀን አልመክርም። ይለፍ ቃል የረሳ ሰው አይጠፋም፣ አፕዴቱም ማለቂያ የለውም። እነዚህኞቹ ግን ነጻ ሶፍትዌር ናቸው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ፈቃዳቸው ራሱ የሚፈቅደው ነገር ነው።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል፦ ፍላሹ። እያንዳንዱ ሰው ከየራሱ የሶፍትዌር ማከማቻ እንዲጭን አትተዉት። የሊኑክስ ዓይነቶቹ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ፌዶራ የሚሰጡት ቨርዥን አንድ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ከጌሙ ዋና ድረ ገጽ ያውርድና ያንኑ ፋይል ለሁሉም ያድል። ዞኖቲክ በአንድ ዚፕ ለሊኑክስም ለዊንዶውስም ይሆናል፤ መጠኑ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት። ሱፐርታክስካርትም ለሊኑክስ የታሸገ ፋይል አለው።

የታሸገውን ፋይል ፍላሹ ላይ አትፍቱት። እንደታሸገ ላፕቶፑ ላይ ገልብጡና እዚያ ፍቱት። ምክንያቱን ያወቅኩት ግማሽ ቀን ካቃጠልኩ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ፍላሾች ፎርማታቸው ፋት32 ነው። ፋት32 ደግሞ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ አይዝም። ተፈትቶ የተገለበጠ ጌም «ይህ ፋይል ፕሮግራም ነው» የሚለው ምልክት ይጠፋበታል፤ ብትጫኑት ብትጫኑት አይከፈትም። ታርና ዚፕ ግን ፈቃዱን በውስጣቸው ይይዛሉ። ጌሙ የመጣው በአፕኢሜጅ (ሳይጫን በቀጥታ የሚከፈት አንድ ፋይል) ከሆነ ፈቃዱ መጥፋቱ አይቀርም፤ ላፕቶፑ ላይ ከገለበጣችሁ በኋላ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጉና በፈቃዶቹ ገጽ ላይ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ፍቀዱለት። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም ፋት32 ላይ አይገባም።

ሉዋንቲ ለብቻው ባዶ ነው። በውስጡ የምትጫወቱትን ጌም ሰርቨር የሚሆነው፣ ማለትም ሌሎቹ የሚገናኙበት ላፕቶፕ ቀድሞ ያውርድ። ሌሎቹ ሲገናኙ የጎደላቸውን ከእሱ ይወስዳሉ።

እስከ ሐሙስ ሁሉም ጌሙን ከፍቶ ፎቶ በቴሌግራም ይላክ። «ጭኛለሁ» የሚለውን ቃል አልቀበልም። ቨርዥኑ የሚታይበትን ፎቶ ነው የምፈልገው። ዳር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሌሎች ሲጫወቱ የሚያይ እንግዳ እንዳይኖር ነው ይህን ያህል የምጨቀጭቀው።

ወደ ኔትወርኩ ስንመጣ፣ ከቻላችሁ በኬብል አገናኙ። ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ተዋሱ ወይም ግዙ፤ ከሁሉም ዕቃ የሚጠቅመው እሱ ነው። ስዊች ለብቻው ግን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ የሚፈላለጉበትን ቁጥር አያድልም። ከራውተሩ ጋር በአንድ ኬብል አያይዙት፤ ስምንተኛው ላፕቶፕ ካለ ራውተሩ ላይ ይሰካ። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም አድራሻ ይሰጣል። ራውተር ከሌለ አንዱ ላፕቶፕ በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ ግንኙነቱን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያጋራ። ያ ላፕቶፕ ራሱ 10.42.0.1 ይሆንና ለሌሎቹ ያድላል። ዋይፋይ ከተጠቀማችሁ የእንግዳ ዋይፋዩን አትስጡ፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል።

ጠንከር ያለውን ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጉ። አድራሻውን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚከለክል ፕሮግራም) የሚሠራበት ከሆነ እሱ ላይ ብቻ ጌሞቹ የሚገናኙባቸውን የዩዲፒ ፖርቶች (የመግቢያ ቁጥሮች) ክፈቱ፦ ለሱፐርታክስካርት 2759፣ ለዞኖቲክ 26000፣ ለሉዋንቲ 30000፣ ለዜሮ ኤ.ዲ. 20595። ኡቡንቱ ላይ ፋየርዎሉን ካልነካችሁት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ምንም መክፈት አያስፈልግም። ላፕቶፑ ሥራ ሲፈታ እንዳይተኛ ቅንብሩን አጥፉ። ባለቤቱ ክዳኑን ከድኖ ቡና ሊጠጣ ከተነሳ የሁሉም ጨዋታ ይቋረጣል።

መብራት ይሄዳል ብላችሁ ተዘጋጁ። ባለ 12 ቮልት ራውተር ካላችሁ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ትንሽ ባትሪ) ግዙለት። ሁሉም ባትሪውን ሞልቶ ይምጣ። ስምንት ላፕቶፕ ባለ 65 ዋት ቻርጀር ቢሰካ 520 ዋት ነው፤ ጥሩ ዲቫይደር ይችለዋል። የእንጀራ ምጣድ ግን ለብቻው 3,000 ዋት ሊያልፍ ስለሚችል የዕለቱ እንጀራ ዓርብ ይጋገር። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሒሳቡን ሙሉ።

ወንበር ከእድር እንዋሳለን። ከታች ለሚኖሩት እናት ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ለዞኖቲክ ደግሞ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል። ምግቡ እጅ የማያቀባ ይሁን፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ለጾመኛም ይሆናል። ቡናው ስምንት ሰዓት ላይ ይፈላል፤ ያኔ ሁሉም ከስክሪኑ ይነሳል።

ሱፐርታክስካርትን አስቀድሙ፣ ሉዋንቲን መጨረሻ ላይ አድርጉት። 11 ሰዓት ሲሞላ አብራችሁ የገነባችሁበትን የዓለም ፎልደር ከሰርቨሩ ላይ በየፍላሻቸው ገልብጡላቸው።