ከአቦል እስከ በረካ፦ ለጡት ካንሰር የሰፈር ቡና እንዴት ይዘጋጃል?

የፈረንጆቹ ኦክቶበር የጡት ካንሰር ግንዛቤ ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ልማድ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ይውላል። ሰሞኑን ባነር ይሰቀላል፣ ሮዝ ሪባን ደረት ላይ ይደረጋል፣ ንግግር ይደረጋል። ይህን የሚያደርጉትን አከብራለሁ። ነገር ግን ሐዋሳ ውስጥ ጡቷ ላይ እጢ ያገኘች ሴት በማግስቱ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ፣ የመጀመሪያውን ምርመራ በምን ገንዘብ እንደምታሠራ ካላወቀች ባነሩ ምንም አልጠቀማትም። በአንድ ግቢ የተሰበሰቡ አሥራ አምስት ሴቶች፣ አንዲት ነርስና አንድ ጀበና ከዚያ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሠቱ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በሽታው ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። እኛ ዘንድ የሚያንገበግበው፣ ብዙዎቹ እናቶችና እህቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ መድረሻውን ወስኑ

ቡናው ከመቆላቱ በፊት ሁለት ነገር መቆረጥ አለበት። አንደኛው በሩ ነው። በሰፈራችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ጡት የምትመረምር ነርስ ወይም ሐኪም በየትኛው ቀን እንደምትገኝ ጠይቁ። ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚያስልከው የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው እዚያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላት ሴት ይህን ቅደም ተከተል ዘልላ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደች ወጪው በራሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመድን ደብተሯ መታደሱንም ከወዲሁ ትመልከት።

ሁለተኛው የገንዘቡ ዓላማ ነው። «ለካንሰር ሕሙማን» ብላችሁ አትሰብስቡ፤ ስፋቱ ሰጪውን ያደክመዋል፣ ተቀባዩንም ያጠፋዋል። ጠባብ ክፍተት ምረጡ። የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ የአልትራሳውንድና ከእጢው ጥቂት ተወስዶ የሚደረገው የናሙና ምርመራ ክፍያ ነው። እጢ ተገኝቶባት ናሙና ሳትሰጥ የምትቀር ሴት ሕክምናው ገና ሳይጀመር ታመልጠናለች። ቀጥሎ የሚመጣው መጓጓዣ ነው፤ ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ስለሚሰጥ ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ አስታማሚ አስከትላ ለምትመላለስ ሴት የመኪና ሒሳቡ ራሱ ሕክምና ያስቆማል።

እድሩን ያዙ

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። እድር አለ፤ ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ ሒሳብ ያዥና የባንክ ደብተር አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ሦስት ቀን የሚቀመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያው ድንኳን፣ ያው ወንበር፣ ያው መዋጮ ሴቲቱ በሕይወት ሳለች ቢደርስላት ምን አለበት? ይህን ጥያቄ በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በግልጽ አንሡ። ሽማግሌዎቹ «ደንባችን ለቀብር ነው» ሊሉ ይችላሉ። የደንብ ለውጥ አትጠይቁ፤ ለብቻው የሚያዝ ሒሳብና ሦስት ፈራሚዎች ብቻ ጠይቁ፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ።

ከሰፈር ወጥታችሁ ከሕዝብ ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀበሌውንና የከተማውን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ ፈቃድ ሳትይዙ አትውጡ። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ካለ በሕግ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተነጋግሮ መሥራትም ይቻላል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከመስቀል ማግስት አትደግሱ። የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ ሁሉንም ቤት አራቁቶታል። የመንግሥት ሠራተኛው የመስከረም ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ ያለው የጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ቲሸርት ተዉ፣ ጥለት ቁረጡ

ቲሸርት ማሳተም የተሰበሰበውን ገንዘብ ቀድሞ ይበላል። አንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ የኅትመቱ ዕዳ ከተዋጣው በልጦ አዘጋጆቹ ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ። በምትኩ ሸማኔ ዘንድ ሄዳችሁ ሮዝ ጥለት በቁመት አሠሩ። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህሉን ቆርጦ፣ አጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ነው። ጥለት ሲቆረጥ ይተረተራል፤ ስለዚህ በሚቆረጠው መስመር ግራና ቀኝ አስቀድማችሁ በመኪና ስፉ፣ ከዚያ በመካከሉ ቁረጡ። በነጠላ ጥለት የተሠራ ሪባን ከፕላስቲኩ ይልቅ ያምራል፣ እናቶችም ለቤተ ክርስቲያን ጭምር ያደርጉታል።

ስፌት የሚችሉ ካሉ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለ። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ለተወገደ ሴት ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የጥጥ ጡት መስፋት ይቻላል። ጥጥ ብቻውን ስለሚቀል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከኋላ ትንሽ ኪስ አድርጋችሁ ክብደት የሚሰጥ የሩዝ ከረጢት ክተቱበት፣ ሲታጠብ እንዲወጣ። ቁስሉ ሳይድንና ሐኪሟ ሳይፈቅድ ግን አይደረግም። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች በዚህ እጃቸው የተፍታታ ነው፤ ጋብዟቸው።

ቡናው

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቄጠማውን፣ ዕጣኑን፣ ፈንዲሻውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ።

ከአሥራ አምስት ሴት በላይ አትጥሩ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጨዋታው ወደ ስብከት ይለወጣል፣ የምታፍር ሴትም አትናገርም። ልጆች ወደ ሌላ ግቢ ይሂዱ። ስልክ ይቀመጥ፣ ፎቶ አይነሣ። በአንድ ዝግጅት ላይ ታማ የዳነች እህት ሳታስበው ተነሥታ እንድትናገር ተደርጋ፣ ፎቶዋም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከሰው መቀላቀል ከብዷት ነበር። የዳነች ሴት ምስክርነት ከማንም ንግግር ይልቃል፤ የሚሆነው ግን በራሷ ፈቃድና በራሷ ልክ ብቻ ነው።

የምትናገረው ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትሁን። ሐዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ ስለ ገላዋ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ብቻ የምታወራ እናት በአማርኛ የተነገራትን ራሷን ነቅንቃ ትሸኘዋለች። ግቢው ውስጥ በብዛት የሚነገረውን ቋንቋ የምትችል ባለሙያ ፈልጉ።

አቦል ሲቀዳ ባለሙያዋ ታዳምጥ። «ስለ ጡት ካንሰር ምን ሰምታችኋል?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትበል። ያን ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል። ብር ወይም ስልክ ጡት መያዣ ውስጥ መያዝ ያመጣዋል የምትል ትኖራለች፤ አያመጣውም። «አምስት ልጅ አጥብቻለሁ፣ እኔን አይዘኝም» የምትልም አለች፤ ማጥባት ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። የምታጠባ ሴት እብጠት ስታገኝ «ወተት ቋጥሮ ነው»፣ ሌላዋ «ቡግንጅ ነው» ብላ ወራት ታሳልፋለች። ከሁሉ የከፋው «ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚለው ነው። ይህን በቁጣ አትመልሱት። በሽታው ተሠራጭቶ ካበቃ በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ስትሞት ሰፈሩ ያየው ቢላውን ነው፤ የዘገዩትን ወራት ግን ማንም አላያቸውም። ነገሩ በዚህ መልክ ሲነገር ሴቶቹ ራሳቸው የሚያውቁትን ሰው እያነሡ ይረዱታል።

ጸበል የሚጠመቁትን፣ በጸሎት የሚተጉትን አትጋፉ። ከካህኑ ወይም ከፓስተሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና «ሐኪም ቤትም ሂጂ» የሚለው ቃል ከእነርሱ አንደበት ይውጣ። ቀጠሮውን ከሱባዔዋ ጋር የምታስማማላት ሰው ካገኘች ሁለቱንም ትይዛለች።

ቶና ሲቀዳ እጅ ይሥራ። ቀደም ብላችሁ ሁለት የጨርቅ ጡት ስፉ፦ ስስ ጨርቅ፣ ውስጡ ጥጥ ወይም ስፖንጅ። በጥልቀት አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ በክር አጥብቃችሁ ስፉበት፤ ሌላ አንድ ደግሞ ሳይሰፋ እንዲንከባለል ተዉት። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እያንዳንዷ በሦስት ጣቶቿ ሆድ በቀስታ፣ ከዚያ ጫን አድርጋ፣ ከዚያ ጠለቅ አድርጋ ትፈልግ። ሽምብራዋን የምታገኝበት ቅጽበት ከየትኛውም በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ባለሙያዋ ግን አንድ ነገር አጥብቃ ትንገራቸው፦ የሚንከባለለው ደኅና፣ የማይነቃነቀው ክፉ ነው ብሎ በእጅ መፍረድ አይቻልም፤ የሚለየው ምርመራ ነው። አብዛኛው የጡት እጢ ካንሰር አይደለም፤ ይህም መነገር አለበት፣ ፍርሃት ሴትን ይደብቃልና።

ምልክቶቹም እዚሁ ላይ ይነገሩ፦ በጡት ወይም በብብት ሥር የተገኘ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ የማይድን ቁስል ወይም መቅላት። የወር አበባ የምታይ ሴት ጡቷን ለመዳሰስ የሚመቻት አበባው ከጀመረ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ጡት አይወጠርም። ራስን መዳሰስ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ጥቅሙ የራስን ጡት ማወቅና ለውጥ ሲመጣ ቶሎ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ካላመመኝ ምን ብዬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ?» ማለቷ አይቀርም። ከአንዲት ነርስ የሰማሁት መልስ ይህ ነው፦ «እማማ፣ እኔን የሚያስፈራኝ የማያመው ነው።» ብዙ የጡት ካንሰር እጢዎች መጀመሪያ ላይ ሕመም የላቸውም፤ እናቶች ግን ሕመምን ነው የሚጠብቁት።

በረካ ሲቀዳ ቀኑና ገንዘቡ ይምጣ። መመርመር የምትፈልግ ሁሉ ስሟን ለባለሙያዋ ብቻ በጆሮዋ ትናገር፤ በጋራ ወረቀት ላይ አታስመዝግቡ። በሳምንቱ ውስጥ ጤና ጣቢያው በሚመረምርበት ቀን ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። ለመዋጮው ሳጥን አታዙሩ፣ የሌላትን ያሳፍራል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፖስታ አድሉና ሁሉም አሽገው ይመልሱ፤ ባዶም ቢሆን ማን እንደሆነች አይታወቅም። በቴሌብር መላክ የምትፈልግ በግለሰብ ስልክ ሳይሆን በእድሩ ሒሳብ ትላክ።

ከግቢው ውጭ

የሴቶች ፀጉር ቤት ከሁሉ የተመቸ ቦታ ነው። ሹሩባ ስትሠራ ሰዓታት የምትቀመጥ ሴት መስታወቱ ጥግ የተለጠፈውን የምልክቶች ዝርዝርና የጤና ጣቢያውን ቀን ታነባለች፤ ጥለቱም እዚያው ይሸጣል። ባለቤቶቹ በኬሞ ፀጉራቸው ለሚረግፍባቸው ሴቶች ሻሽ እንዲያሰባስቡም ጠይቋቸው።

የባጃጅ ማኅበራትን ገንዘብ አትጠይቁ፣ ጉዞ ጠይቁ። ኬሞ ወስዳ የምትወጣ ሴት ማቅለሽለሹና ድካሙ እያለ ፀሐይ ላይ ቆማ ትራንስፖርት መጠበቅ የለባትም። ሦስት ፈቃደኛ አሽከርካሪዎች ተራ ገብተው ከሆስፒታል በር ወደ ቤቷ ቢያደርሷት ከብዙ ብር ይበልጣል።

ወንዶቹን ለየብቻቸው አነጋግሩ። በብዙ ቤት የሕክምና ገንዘብ የሚወጣው በባል እጅ ነው፤ ከዚህም ሌላ ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን አንዱ ያህል ወንድ ነው። የእድር ስብሰባ ማብቂያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ

በወሩ ስብሰባ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ለስንት ምርመራ እንደተከፈለ ይነበብ፤ የታካሚ ስም ግን አይነሣ። ክፍያውን ለሴቲቱ በጥሬው ከመስጠት ይልቅ አብሯት የሚሄድ ሰው ካሸሩ ላይ ይክፈልና ደረሰኙን ይመልስ።

እጢ ለተገኘባት ለእያንዳንዷ አንዲት አጃቢ መድቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። አጃቢዋ ይህን ቀን ደብተር ላይ ጽፋ ትቁጠር፤ የናሙናው ውጤት ሲዘገይ ጠያቂዋ እርሷ ናት። ውጤት በሚነገርበት ቀን አብራ ትግባና ሦስት ነገር ትጻፍ፦ በሽታው ምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ቀጣዩ ሕክምና ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰጥ። የሰማችው ነገር ያስደነገጣት ሴት ይህን ሁሉ አታስታውስም።

ገንዘብ ከተረፈ ለሚመጣው ዓመት አታቆዩት። የጤና መድን ማደሻ ሲደርስ መክፈል ላልቻሉ የሰፈሩ ሴቶች መዋጮ ክፈሉበት።