4294967297ን በወረቀትና በተራ ካልኩሌተር እንዴት ወደ ፕራይም አካፋዮቹ እንደሚበተን

ይሄ ቁጥር 2 ፓወር 32 ሲደመር 1 ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640፣ በዚሁ መልክ (2 ፓወር 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲደመር 1) ከሱ በፊት ያሉት የፌርማ ቁጥሮች የሚባሉት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም (ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የሌላቸው) ስለሆኑ ይሄም ፕራይም ነው ብሎ ገመተ፣ በ1732 የስዊዙ የሂሳብ ሊቅ ኦይለር አካፋዩን አውጥቶ ግምቱን አፈረሰበት፣ ያውም በእጅ ሰርቶ።

መጀመሪያ እጩ መቀነስ። በ3፣ በ7፣ በ11 እያሉ በተራ መሞከር ይቻላል ግን መልሱ 116ኛው ፕራይም ላይ ነው ያለው፣ ማን ጊዜ አለው። ኦይለር እንዳሳየው የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ የሆነ ሁሉ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከ65 ጀምራችሁ 64 እየደመራችሁ ጻፉና ፕራይም ያልሆነውን ሰርዙ፤ እስከ 641 ድረስ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ብቻ ይቀራሉ። 257ን ዝለሉት፣ እሱ ራሱ የፌርማ ቁጥር ነው፣ ሁለት የፌርማ ቁጥሮች ደግሞ የጋራ አካፋይ የላቸውም።

አሁን ማካፈል፣ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ባለ 10 ዲጂቱን ቀጥታ አታካፍሉ፣ 8 ዲጂት የሚያሳይ ካልኩሌተር ውስጥ አይገባም። ኮድ እጽፋለሁ የሚል ደግሞ ኔጌቲቭ በማይዝ 32 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ ካስቀመጠው ትልቁ የሚገባው 4294967295 ስለሆነ ቁጥሩ ዞሮ 1 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ከዛ ምንም ብታካፍሉ ትርጉም የለውም። ስኩዌር እያረጉ ቀሪውን ብቻ ይዞ መሄድ ይሻላል።

641ን እንየው። 2 ፓወር 8 256 ነው። 256 ስኩዌር 65536 (2 ፓወር 16)፣ ለ641 ስናካፍል ካልኩሌተሩ 102.24 ምናምን ይላል፣ ግን ከነጥቡ በኋላ ያለው ቀሪው አይደለም! 102ን በ641 አባዙ፣ 65382፣ ከ65536 ቀንሱ፣ 154። እሱ ነው ቀሪው። አሁን 65536ን እርሱት፣ 154ን ስኩዌር አርጉ፣ 23716 ይመጣል፣ 641 እዛ ውስጥ 36 ጊዜ ይገባና 640 ይተርፋል። ይሄ 640 የ2 ፓወር 32 ቀሪ ነው፣ የቀረችውን 1 ስንደምርበት 641፣ አለቀ፣ እኩል ተካፈለ። ከ6 ዲጂት በላይ የትም አይኬድም። በ193 ብትሞክሩት መጨረሻ ላይ 108 ይተርፋል፣ 1 ሲደመር 109፣ ስለዚህ አይሆንም፤ 449 እና 577ም እንደዛው ይወድቃሉ።

4294967297ን ለ641 በወረቀት ካካፈላችሁ 6700417 ታገኛላችሁ።

እሱስ ፕራይም ነው? ስኩዌር ሩቱ 2589 አይሞላም፣ እስከዛ መፈተሽ ይበቃል። የሱ አካፋይ የዋናው ቁጥርም አካፋይ ነው፣ ሉካ የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ በኋላ 64ቱን ወደ 128 ስላሳደገው እጩዎቹ 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ባለ 7 ዲጂት ስለሆነ ይሄን ቀጥታ ማካፈል ይቻላል፣ በተራ 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622 ይተርፋል። አንዱም ዜሮ አልመጣም፣ ስለዚህ 6700417 ፕራይም ነው፣ ከ641 ጋር ሁለቱ ብቻ ናቸው አካፋዮቹ፣ 1ን እና ራሱን ካልቆጠርን።