የ24 እና የ8 ሰከንድ አቆጣጠር፦ ለጎንደር ጀማሪ የቅርጫት ኳስ ዳኞች

በጎንደር የትምህርት ቤትና የሠፈር ሜዳዎች ላይ የሚዳኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከቅርጫቱ በላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት ስለማያገኝ፣ በእጅ በሚያዝ የሩጫ ሰዓትና በጠረጴዛ ዳኞች ንቃት ላይ ብቻ ተመርኩዞ ጨዋታውን ይመራል። ሁለቱ ቆጠራዎች አጥቂው ቡድን ኳሱን ወደ ቅርጫት እንዲወረውር የሚሰጠው 24 ሰከንድ፣ እንዲሁም ኳሱን ከኋላ ሜዳ (ራሱ የሚከላከለው ቅርጫት ካለበት ግማሽ) ወደ ፊት ሜዳ (ተጋጣሚው ወደሚከላከለው ግማሽ) እንዲያሻግር የሚሰጠው 8 ሰከንድ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ግን ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ እነዚህ ቆጠራዎች መቼ እንደሚጀምሩ፣ መቼ እንደሚቀጥሉና መቼ እንደሚታደሱ ካለመለየት ነው። የሚከተለው ማብራሪያ የዓለም አቀፉን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (የፊባን) ሕግ የተከተለ ሲሆን፣ በ30 እና በ10 ሰከንድ ሕግ የተጫወቱ አንጋፋ አሰልጣኞችም ሕጉ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 24 እና ወደ 8 መለወጡን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

ሁልጊዜ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው ኳሱ በየትኛው ቡድን ቁጥጥር ሥር እንዳለ ነው። የ24 ሰከንዱ ቆጠራ የሚጀምረው አንድ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ ኳሱን ሲቆጣጠር ነው፤ ኳሱ ከመስመር ውጭ የሚወረወር ከሆነ ደግሞ ሜዳ ውስጥ ያለ ማንኛውም ተጫዋች በሕጋዊ መንገድ ሲነካው ይጀምራል። ወርዋሪው ኳሱን ለመልቀቅ የተሰጠው 5 ሰከንድ ራሱን የቻለ ቆጠራ ስለሆነ፣ ዳኛው ኳሱን ሲያቀብለው የ24ቱን ሰዓት ማስነሳት ስህተት ነው።

ተከላካይ ኳሱን በጣቱ ነክቶ ቢያስፈተልከው፣ ወይም ነክቶ ከሜዳ ቢያስወጣው፣ አጥቂው ቡድን ቁጥጥሩን አላጣምና ሰዓቱ አይታደስም። ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ ሰዓት በያዝኩበት አንድ የተማሪዎች ጨዋታ ላይ፣ 9 ሰከንድ ሲቀር ኳሱ ከተከላካዩ እጅ ተነክቶ ሲወጣ በድንጋጤ ወደ 24 መለስኩት፤ ቡድኑም በማይገባው ጊዜ ተጠቅሞ አገባ። ልጆቹ ሳይከራከሩ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ያየሁትን ፊታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ከማደሴ በፊት የዋናውን ዳኛ ምልክት እጠብቃለሁ።

ጨዋታው በተከላካዩ ቡድን ፋውል ወይም ኳስን ሆን ብሎ በእግር በመምታት ሲቆም፣ ውርወራው ከአጥቂው ቡድን የኋላ ሜዳ ከሆነ ሰዓቱ ወደ 24 ይመለሳል። ከፊት ሜዳ ከሆነ ግን 14 ወይም ከዚያ በላይ የቀረው ባለበት ይቀጥላል፤ 13 ወይም ከዚያ በታች የቀረው ወደ 14 ከፍ ይላል። ኳሱ የቅርጫቱን ቀለበት ነክቶ ራሱ የወረወረው ቡድን መልሶ ከያዘውም አዲሱ ጊዜ 14 ነው፤ ተጋጣሚው ከያዘው 24 ያገኛል።

የ8 ሰከንዱን ዳኝነት የሚያከብደው ኳሱ ወደ ፊት ሜዳ ገብቷል የሚባልበት ቅጽበት ነው። መካከለኛው መስመር የኋላ ሜዳ አካል ነው፤ ኳስ እያነጠረ የሚሻገር ተጫዋችም ሁለቱ እግሮቹና ኳሱ በሙሉ የፊት ሜዳን ካልነኩ ቆጠራው ይቀጥላል። አንድ እግሩ አልፎ ሌላው ተረከዙ መስመሩ ላይ ከሆነ አልተሻገረም። ስለዚህ ክረምቱ ቀለሙን ባጠበው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ጨዋታው ሳይጀመር መስመሩን በኖራ ማደስ ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ከፊሽካዬ እኩል አስፈላጊ አድርጌ አየዋለሁ።

ኳሱ በተከላካይ ተነክቶ ከኋላ ሜዳ ቢወጣና ያው ቡድን ከዚያው ቢወረውር፣ 8ቱም ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይቆጠርም። ሁለቱ ቆጠራዎች አብረው ከ24 ከተነሡ፣ 16 ሰከንድ ሲቀር 8ቱ አልቋል፤ የሰዓት ያዡን ንባብ ከራስዎ የእጅ ቆጠራ ጋር ለማመሳከር ይህ ይረዳል።

የ24 ሰከንዱ ማብቂያ ምልክት ሲሰማ ለግብ የተወረወረ ኳስ አየር ላይ ከሆነ፣ ፊሽካ ለመንፋት አይቸኩሉ። ከገባ ነጥቡ ይቆጠራል፤ ቀለበቱን ከነካ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ቀለበቱን ሳይነካ ሲቀር ግን ጥሰት ነው፤ ይህም ተጋጣሚው ወዲያውኑና በግልጽ ካልያዘው ነው። በሩጫ ሰዓት ስንሠራ ይህ ምልክት የሰዓት ያዡ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ 5 ሰከንድ ሲቀረው ጮክ ብሎ መቁጠር እንዲጀምርና መጨረሻ ላይ እጁን እንዲያነሣ ከጨዋታው በፊት ከእርሱ ጋር ተስማሙ፤ ሁለቱም አሰልጣኞች በተገኙበት።