የወፏ ሳህን ሙሉ ቢመስልም እፍ በሉበት

ካናሪ ወይም ትንንሽ በቀቀን ቤት ውስጥ የምታሳድጉ፣ የመኖውን ሳህን በዓይን ብቻ አይታችሁ «ገና አለ» ብላችሁ አትለፉት። እነዚህ ወፎች ጥሬውን እንዳለ አይውጡትም፤ በምንቃራቸው ፈልፍለው ፍሬውን ይበሉና ገለፈቱን እዚያው ሳህኑ ውስጥ ይጥሉታል። ገለፈቱ ከላይ ስለሚከማች ሳህኑ የሞላ ይመስላል፤ ወፏ ግን ጦሟን ልትውል ትችላለች። ትንሽ ወፍ ደግሞ ረሃብ ፈጽሞ አትችልም! ስለዚህ በየጠዋቱ ሳህኑን ወደ ደጅ አውጡና ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት። ገለፈቱ ቀላል ስለሆነ ይበናል፣ እህሉ ይቀራል፤ የጎደለውን ሙሉበት። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። መኖው ከረጠበ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካለ ግን እፍ ማለት አይበቃም፤ ሁሉንም ደፍታችሁ ሳህኑን አጥባችሁ አድርቁት።