የመጀመሪያው ጨዋታ ሲዋሽ፦ አዲስ ቦርድ ጌም እንዴት ይሞከራል?

አዲስ ጨዋታ አንዴ ተጫውቶ «አይረባም» ማለት ቀላል ነው። እኔም ስንቴ ብያለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ግን ይዋሻል፤ ደግነቱ የሚዋሽበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የቱን ማመን፣ የቱን መተው እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ሳጥኑን ብቻችሁን ክፈቱት። የካርቶን ቁርጥራጮቹን ፈልቅቁ፣ ማኑዋሉ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር ቁጠሩ። ካርታውን ደጋግማችሁ በውዙት፤ አዲስ ካርታ ብዙውን ጊዜ በየዓይነቱ ተደርድሮ ስለሚመጣ አንዴ ብቻ ከበወዛችሁት አንዱ ተጫዋች ጥሩ ጥሩውን ይሰበስበዋል። ከዚያ የሁለት ሰው ቦታ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ዙር ለብቻችሁ ተጫወቱ። ማኑዋል አሥር ጊዜ ከማንበብ ይሄ ይሻላል። ጓደኞቻችሁ ከበው ተቀምጠው እናንተ ገጽ ስታገላብጡ... ጨዋታው ሳይጀመር ሞተ ማለት ነው።

ስታስረዱ ከማሸነፊያው ጀምሩ። «ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል» ከተባለ በኋላ ሌላው ሕግ ሁሉ ለምን እንዳለ ይገባል። ቀጥሎ ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በአንድ ተራ ምን ምን እንደሚቻል ንገሯቸው። የቀረውን ሲደርስ። የመጀመሪያውን ዙር ካርታችሁን ገልጣችሁ ብትጫወቱ ደግሞ ጥያቄ ሁሉ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ውሸቱ። አንደኛው «ዕድል ብቻ ነው» የሚለው ነው። ካታንን ውሰዱ፤ በዳይስ የወጣው ቁጥር ያለበት መሬት አጠገብ መንደር የሠራ ሰው ዕቃ የሚያገኝበት ቦርድ ጌም ነው። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት አወራረድ አለ፦ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በ5 መንገድ ይመጣሉ፣ 2 እና 12 ግን በአንድ በአንድ ብቻ (7 በ6 መንገድ ይመጣል፣ ግን ዕቃ አይሰጥም፤ የሚያንቀሳቅሰው የቆመበትን መሬት ዕቃ እንዳይሰጥ የሚያግደውን «ሌባ» ነው)። ጀማሪው መንደሩን 2 አጠገብ ይሠራና ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ምንም ሳያገኝ ጨዋታው ያልቃል፤ ከዚያ ዳይሱን ይራገማል። ከቁጥሩ ሥር ያሉትን ነጠብጣቦች ቢያይ ኖሮ ይነግሩት ነበር፤ ነጠብጣቡ በበዛ ቁጥር ቁጥሩ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም።

ሁለተኛው «ይደብራል» ነው፣ በተለይ አጀማመሩ። ዶሚኒየን በሚባለው፣ ካርታ እየገዙ በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ ሁሉም ሰው በተመሳሳይ 10 ካርታ ይጀምራል፣ በየተራው 5 ይስባል። የገዛችሁት ካርታ መጀመሪያ የተጣሉት ክምር ውስጥ ስለሚገባ በሦስተኛው ተራ ተበውዞ ነው ወደ እጃችሁ መምጣት የሚጀምረው። እስከዚያ ብታዛጉ አይፈረድባችሁም፣ ግን ፍርዳችሁን አቆዩት።

ሳጥኑ ላይ ጨዋታው ይፈጃል ተብሎ የተጻፈውን ሰዓትም አትመኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጥፉን ያዙለት።

የምታምኑት ምኑን ነው? መጠበቁን። ተራው እስኪደርስ ሰው ስልኩን መነካካት ከጀመረ፣ ያ በአሥረኛውም ጨዋታ አይለቅም። ካርታው ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ሆኖ ማንበብ ካቃታችሁም እንደዚያው። እንደ ፓንደሚክ ሁሉም ባንድነት በሚጫወትበት ጨዋታ ላይ ደግሞ አንዱ ለሁሉም «አንተ እዚህ ሂድ፣ አንቺ ያንን ጣይ» እያለ ብቻውን ከተጫወተ ልብ በሉ። እሱ ግን ከጨዋታው ይልቅ የሰውዬው ጠባይ ሊሆን ስለሚችል ያለ እሱ አንዴ ሞክሩት።

ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለው፣ በተለይ የገዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። «እንደገና ብንጫወት ምን ትቀይራላችሁ?» በሉ። ትከሻቸውን ከነቀነቁ ሳጥኑን ዝጉ። «እኔማ እዚያ ጋ ነው የተሳሳትኩት» ብለው መከራከር ከጀመሩ ግን ቦርዱን ሳታነሱ ካርታውን በውዙት።