የጤና መድን ካርድ ይዘው መድኃኒት ሲገዙ

በካርዱ በቀጥታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አይሂዱ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከተመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ሪፈር ካልያዙ ወጪው ከኪስዎ ሊሆን ይችላል። ካርዱ መታደሱንም ሳይታመሙ ይዩ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ካርድ ክፍል ደርሶ ነው።

ሐኪሙን የንግድ ስሙን ትቶ የመድኃኒቱን ስም እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ «ኖርቫስክ» ሳይሆን «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም»። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ይለያያል። በቀን አንድ የሚዋጥ ከሆነ የወሩ 30 ፍሬ ነው፤ ቆጥረው ይረከቡ።

ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ካለቀበት፣ ከግል ፋርማሲ ከመግዛትዎ በፊት ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት የቱ እንደሆነ የመድን ክፍሉን ይጠይቁ፤ ማዘዣው ላይም ጤና ጣቢያው «የለም» ብሎ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ውል ባይኖርም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከነማ ፋርማሲዎች ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ማዘዣውን ፎቶ አንስተው ያስቀሩ።